የላሊበላ መንትያ በማን እጅ ይደግ?

«ይኼ መቼ የተነሳ ነው ልጄ?»

አባ ይህን ሲጠይቁኝ ታብሌቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፋ አድርገው ነበር። ላሊበላ፣ ቤተ አማኑኤል ቅጥር ውስጥ፣ ግድግዳው በጣለው ጥላ ሥር ተቀምጠናል። ቅዳሴ ወጥቶ ምእመኑ ተበትኗል። ያሳየኋቸው የዚያኑ ቤተ ክርስቲያን የስሪዲ ሞዴል ነው፤ በጣት ሲነኩት የሚዞር፣ ሲያቀርቡት የመስኮቱ ጠርዝ ሳይቀር የሚታይ። ሥራዬ ቅየሳና ካርታ ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር ለብዙ ሰው አሳይቻለሁ። አብዛኛው ሰው ይገረማል፣ ያዞረዋል፣ ከላይ ያየዋል፣ «ቴክኖሎጂ እኮ!» ይልና ይመልስልኛል። አባ ግን አልተገረሙም። የታመመ ልጁን ፎቶግራፍ ያሳዩት አባት «ከሕመሙ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ነው የተጠየቅሁት።

መቼ እንደተነሳ ነገርኳቸው። ዓመታት አልፈውታል። «እንዲያ በል» አሉና አንዱን ጥግ አቅርበው ብዙ አዩት። ከዚያ ታብሌቱን መለሱልኝ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ና ላሳይህ።»

ስለ ዲጂታል መንትያ፣ ከእውነተኛው ሕንፃ ጋር አብሮ ስለሚለወጥ የኮምፒውተር ሞዴል፣ በተወራ ቁጥር ያ «ና ላሳይህ» ይመጣብኛል። ወሬው ደግሞ እየበዛ ነው። ቅርስን በኮምፒውተር ውስጥ እንደገና እንገንባ፣ ጎብኚው ከቤቱ ሆኖ ይጎብኘው፣ የሰው ፍሰቱን ከስክሪን እንቆጣጠር ይባላል። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ እንጀራዬም ከእሱ ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሳስበው የምጀምረው ከስክሪኑ መሆኑ ቀርቶ ከግድግዳው ሆኗል።

ከግድግዳው ሥር

አባ የወሰዱኝ ወደ አንድ ማዕዘን ነው። ቀና ብለው በላያችን የተዘረጋውን ትልቁን ጣሪያ በዓይናቸው አመለከቱኝ። ላሊበላን ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቀው፣ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ከዝናብ ከከለሉት፣ ጊዜያዊ ከተባሉት መጠለያዎች አንዱ ነው።

«እሱ ሳይመጣ የምንፈራው ውሃ ነበር» አሉኝ። «ክረምት ሲገባ ድንጋዩ ያልበዋል። ጠዋት መጥተህ ብትዳስሰው እጅህ ይርሳል። በጋ ሲሆን ይደርቃል። እንዲህ ሲል ኖረ። አሁን ደግሞ ድርቀቱ ነው።» መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ በቀስታ አሳረፉና አነሡት። ቀላ ያለ፣ እንደ በርበሬ የላመ ብናኝ ይዞ መጣ። ነጠላቸው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ ከግድግዳው ሥር፣ መልሰው አራገፉት።

ቀጥለው አንድ የተቦረሸ የሚመስል ቦታ አሳዩኝ። ስስ ቅርፊት ተነሥቶ ወድቋል። «ይህ የወደቀው በፍልሰታ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ኪዳን አድርሰን ስንወጣ መሬት ላይ አገኘነው።» ዓመቱንም ነገሩኝ። ከዚያ ሌላ ስንጥቅ። «ይቺ የቆየች ናት፤ እኔ ዲያቆን ሳለሁም ነበረች። ያኔ ግን ጥፍር አታስገባም ነበር።» ከዚያ ስለ ንፋስ። ሌሊት ንፋስ ሲነሣ መጠለያው እንደሚጮኽ፣ ማሕሌት ላይ ያሉ ሰዎች ድምፁን ሰምተው ቀና እንደሚሉ፣ እንደገና ወደ ዜማቸው እንደሚመለሱ። ሁሉንም የሚናገሩት ሳይቸኩሉ፣ ጊዜውን በጾምና በበዓል እየቆጠሩ ነው፤ ይህ ከሁዳዴ በፊት፣ ያ ከመስቀል በኋላ እያሉ።

መጨረሻ ላይ ወደ ታብሌቱ አየት አድርገው «ይህ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ?» አሉኝ።

«የለም አባ» አልኳቸው። የነበረው ቅርጹ ብቻ ነው። የትኛው ቅርፊት መቼ እንደወደቀ፣ የትኛው ስንጥቅ አርጅቶ የትኛው እንደተወለደ፣ ድንጋዩ መቼ እንደሚያልበው የሚናገር አንድም ነገር የለበትም። ያን ሁሉ የያዙት እሳቸውና መሰሎቻቸው ናቸው። ዐርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው እዚያ ግድግዳ ሥር የቆመ ሰው የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ መሣሪያ እኔ አላየሁም።

ሳይንሱ ከአባ ነገር ጋር አይጣላም። የላሊበላ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ውሃ የሚያስገባ ዓለት ነው። በውስጡ ያለው የሸክላነት ጠባይ ያለው ክፍል ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ ሲመላለስ ቅርፊት ይነሣል፣ ስንጥቅ ይሰፋል። ዝናቡ ሲከለከል ደግሞ አንዱ ችግር ይቀንስና ዓለቱ ለዘመናት የለመደው እርጥበት ይለወጣል። ይህ ለውጥ ምን ያህል ይጠቅማል፣ ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ነው ጥያቄው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ነዋሪ ስለ ቅርሱና ስለ መጠለያው ያለውን ስጋት ይዞ አደባባይ መውጣቱን እናስታውሳለን። ስጋቱ እውነተኛ ነው፣ የባለሙያዎቹ ምላሽም የራሱ ምክንያት ነበረው። እኔ ግን ሁለቱ ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁሉም ሊያየው በሚችል መለኪያ ሲነጋገሩ አልሰማሁም። መጠለያ ያላቸውም የሌላቸውም አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ከተማ፣ በአንድ አየር ውስጥ ቆመዋል። ጎን ለጎን ለዓመታት ቢለኩ መልሱ ከድንጋዩ ከራሱ ይመጣል።

ስካን ብቻውን

ላሊበላን በሌዘር የለኩት ሰዎች ትልቅ ውለታ ውለዋል። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ሃይንዝ ሩተር መሪነት የተቋቋመው የዛማኒ ፕሮጀክት የአፍሪካን ታላላቅ ቅርሶች እየዞረ ሲመዘግብ ላሊበላንም መዝግቧል። መሣሪያው ብርሃን ይለቅቃል፣ ብርሃኑ ግድግዳውን ነክቶ ይመለሳል፣ ከዚያም እጅግ ብዙ ነጥቦች ተሰብስበው የሕንፃውን መልክ በሚሊሜትር ደረጃ ይሰጣሉ። እንዲህ ያለው ሥራ ምን እንደሚያተርፍ ዓለም በኖትር ዳም አይቷል። አንድሩ ታሎን የተባለ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ምሁር የፓሪሱን ካቴድራል ከእሳቱ ዓመታት ቀድሞ በሌዘር ለክቶት ነበር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2018 ዐረፈ፤ ካቴድራሉ በሚያዝያ 2019 ተቃጠለ። እሱ የተወው መረጃ፣ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከሰበሰቡት ብዙ ሌላ መረጃ ጋር ተደምሮ፣ በታኅሣሥ 2024 በሩ ዳግም እስኪከፈት በሥራው ላይ ዋለ።

የኖትር ዳም ጠላት ግን በአንድ ምሽት የመጣ እሳት ነው። የላሊበላ ጠላት እንዲያ አይደለም። በየክረምቱ ጥቂት፣ በየበጋው ጥቂት እያለ ነው የሚመጣው። ለእንዲህ ያለ ጠላት የአንድ ቀን ምስል፣ ምንም ያህል ጥራት ቢኖረው፣ አይበቃም። መንትያ የሚያሰኘው ከእውነተኛው ጋር አብሮ መለወጡ ነው። ስንጥቁ ላይ የተተከለ መለኪያ፣ የእርጥበትና የሙቀት ንባብ፣ በየጊዜው ከአንድ ቦታ የሚነሣ ፎቶ፣ ከዚያ ላይ የሰው ምስክርነት ተጨምሮበት፣ ሞዴሉ ዛሬ የሚያሳየው የዛሬውን ግድግዳ ሲሆን ነው መንትያ የሚሆነው። ያኔ «ዘንድሮ ዝናቡ በእጥፍ ቢዘንብ ውሃው በየት ይወርዳል?» ብሎ ድንጋዩን ሳይነኩ መጠየቅ ይቻላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህንኑ ነው።

የዚህን አስፈላጊነት የላሊበላ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓለቱን ከውሃ ለመከላከል ተብሎ ሬንጅ መሰል ነገር ተቀብቶ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ፣ ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ በሚባለው ድርጅት በኩል፣ ያን ልባስ በማስለቀቅ ደከመ። ቀቢውም አስለቃቂውም ለማዳን ነው የመጡት። ጥገናው ከተደረገ በኋላ ድንጋዩ ምን ብሎ እንደመለሰ ዓመት በዓመት የሚከታተል ዓይን ቢኖር ምናልባት ያን ያህል ዓመት አይጠበቅም ነበር። ይህን ሳስብ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም እንደ አባ ያሉ አገልጋዮች እዚያው ቆመው ያዩ ነበር።

ላስኮን ዘጉት፣ ላሊበላን ማን ይዘጋዋል?

ስለ ቱሪዝም ስናወራ ሁሌ የሚነሣ ምሳሌ አለ፤ የፈረንሳዩ ላስኮ ዋሻ። እ.ኤ.አ. በ1940 ተገኘ፣ ለሕዝብ ተከፈተ፣ የጎብኚው ትንፋሽና ሙቀት ጥንታዊ ሥዕሎቹን ማበላሸት ሲጀምር በ1963 ተዘጋ። በ1983 ቅጂው ተከፈተ፣ በ2016 ደግሞ በዲጂታል ልኬት የተሠራ ከዚያ የተሟላ ሌላ ቅጂ። ዛሬ ጎብኚው ቅጂውን አይቶ ይመለሳል፤ ዋናው ዋሻ በጨለማ ውስጥ ያርፋል። ለላስኮ ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። እዚያ ዋሻ ውስጥ ዛሬ የሚጸልይ የለም።

ላሊበላ ላይ ይህን ሊያደርግ የሚያስብ ካለ ግን ገና በእግሩ አልሄደባትም። ለገና ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ቀናትን በእግሩ ተጉዞ የመጣ ሰው፣ ደረቅ ስንቁን በአገልግል ይዞ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው፣ ደፉን ሳይሳለም አይመለስም። እጁና ከንፈሩ ድንጋዩን ይነካል፤ ድንጋዩም በዚያ ይለሰልሳል፣ ይጎደጉዳል። የቅርስ ባለሙያ ይህን «ጉዳት» ብሎ ይመዘግባል። ልክ ነው፣ በልኬት ሲታይ ጉዳት ነው። ግን ደግሞ ከ800 ዓመት በላይ ያቆየው ይኸው መነካቱ ነው። የሚሳለመው ባይኖር ኖሮ የሚጠርገው፣ የሚጠብቀው፣ በጦርነትና በረሀብ ዘመን ጥሎት የማይሄደው አይኖርም ነበር። የላሊበላ መንትያ ዋናውን ተክቶ እንግዳ የሚቀበል ቅጂ እንዲሆን የማልፈልገው ለዚህ ነው።

ታዲያ የሰውን ፍሰት በተመለከተ ምን ይጠቅመናል? ብዙ። የገና ለት በማሜ ጋራ «ቤዛ ኩሉ» ሲባል አስቡት። ካህናቱ ግማሾቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከአፋፉ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ቆመው ሲያሸበሽቡ፣ ሕዝቡ ደግሞ አፋፉን ሞልቶ። ያ አፋፍ ዓለት ነው፤ ምን ያህል ሰው፣ የት ላይ፣ ለምን ያህል ሰዓት ይሸከማል? ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ቦዮችና ጨለማ ዋሻዎች ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ጎርፍ ሕዝብ ከሁለት አቅጣጫ ቢገናኝስ? ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ለማየትና ፎቶ ለማንሣት ሁሉም የሚቆመው አንዱ ጠርዝ ላይ ነው። መንትያው ውስጥ ሰው እንደ ውሃ ሲፈስ ማየት ይቻላል፤ አንዱን መተላለፊያ መግቢያ ብቻ፣ ሌላውን መውጫ ብቻ ቢያደርጉት ምን እንደሚሆን ከበዓሉ ወር ቀድሞ መሞከር ይቻላል። ለቱሪስቱም እንዲሁ፤ የትኛው ቡድን በየትኛው ሰዓት ከየት ቢጀምር መጨናነቁ እንደሚቀል አስጎብኚዎቹ በልምድ ያውቁታል። በወረርሽኙና በጦርነቱ ዓመታት እነዚህ ልጆች ያለ እንግዳ ሲቀመጡ አይተናል። እንግዳው ሲመለስ ቀድሞ የነበረው ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ ጠርዝ ላይ እንዳይከማች ከአሁኑ የሚታሰብበት ጊዜ ነው።

ለመነኮሳቱና ለተሳላሚው ግን «በኦንላይን ቀጠሮ ያዙ» የሚል ሥርዓት አይሠራም፤ እንዲሠራም አልመኝም። ተሳላሚው የሚስተናገደው መንገዱን በማስተካከል ነው።

ቄሰ ገበዙ ማን ይሁን?

ከአባ ጋር ወደ ጥላችን ተመልሰን ከተቀመጥን በኋላ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። የመጀመሪያው «መቅደሱንስ አስገብታችሁታል?» የሚል ነበር። አለመግባቱን ስነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ሁለተኛው «ይኼ ሥዕል አሁን የተቀመጠው የት ነው?» የሚል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ለሙያችን ከባድ ነው። ቀያሽ ቀዳዳ አይወድም፤ ሞዴሉ ሙሉ ሲሆን ነው ደስ የሚለው። ላሊበላ ላይ ግን ሞዴሉ ሆን ተብሎ የሚተው ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ታቦቱ ያለበትን ማንም የውጭ ሰው አይገባበትም፤ ስለዚህ ማንም የውጭ ሰው በስክሪንም ሊገባበት አይገባም። ስንጥቁ ከቅድስት ተነሥቶ ወደ መቅደስ ቢዘልቅስ? ይህን ብዙ አሰብኩበት። መፍትሔው ካህኑን ማሠልጠን ነው። ለመግባት የተፈቀደለት ካህን ወይም ዲያቆን መለኪያውን ይዞ ይግባ፣ ንባቡን ይዞ ይውጣ፤ ምስሉ አይውጣ፤ የሚሊሜትር ቁጥሩ ብቻ ለመሐንዲሱ ይድረስ። ይህ በቴክኒክ ቀላል ነገር ነው። የሚከብደው ከስካኑ በፊት ከደብሩ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይሰፋል። ቤተ ክርስቲያን ለንብረቷ ቄሰ ገበዝ አላት፤ ንዋየ ቅድሳቱን ቆጥሮ የሚረከብ፣ ቆጥሮ የሚያስረክብ። ለዲጂታል ንብረቷስ? አንድ የውጭ ቡድን መጥቶ ለክቶ ይሄዳል፤ መረጃው በሌላ አገር ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ደብሩ የሚደርሰው ምናልባት የታተመ ፖስተር ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ የቆረጠውን ብቻ መውቀስ ግን ደጃፉን አይጠብቅም።

የተሻለ መንገድ ከዚህ ቀደም ሞክረናል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ፣ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም ሲነሡ ቅጂው አዲስ አበባም ቀርቷል፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ወዳለው ቤተ መጻሕፍትም ሄዷል። እዚያ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዐሥርት ዓመታት ተቀምጠው በሺዎች የሚቆጠሩትን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነበቡ ካታሎግ አዘጋጁ። ሁለት ቦታ መቀመጡ፣ የአገሩን ልሳን የሚያውቅ ሰው በላዩ መሥራቱ፣ ያ ሥራ ዛሬም እንዲኖር አድርጎታል። በሌላ በኩል ደግሞ ከመቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 ተዘርፈው የብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት የያዛቸው ብራናዎች አሉ። ብዙዎቹ በዲጂታል ተነሥተው በኢንተርኔት እንዲታዩ ተደርገዋል፤ አንብቤያቸዋለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ግን ምስሉን ስላሳዩን ብራናው የማን እንደሆነ አይለወጥም። የላሊበላ መረጃም ምስሉ የትም ቢታይ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ከመዝገብ ይጀመር

መብራትና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦባት በቆየች ከተማ ውስጥ በየሰከንዱ መረጃ የሚልክ ሥርዓት ማሰብ ሩቅ ይመስላል። እኔም ከዚያ መጀመር አለብን አልልም። በባትሪ የሚሠሩ፣ ንባባቸውን በውስጣቸው የሚያከማቹ፣ በወር አንድ ጊዜ በእጅ የሚሰበሰቡ ትንንሽ የእርጥበትና የሙቀት መለኪያዎች አሉ። ስንጥቅ ላይ የሚለጠፍ፣ በዓይን የሚነበብ ባለ መስመር መለኪያ አለ። የድንጋይ ፍጥነት ዝግ ያለ ስለሆነ ወርኃዊ ንባብ ብዙ ይናገራል።

ከሁሉ በፊት ግን መዝገብ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ አንድ ደብተር፣ በአማርኛ፣ በእኛው አቆጣጠር፣ በእኛው በዓላት። ምን ወደቀ፣ የት፣ መቼ፣ ማን አየው። አባ ከነገሩኝ ውስጥ አንዱም በማስታወሻ አልነበረም፤ በዚያን ቀን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የጻፍኩት ብቻ ነው ዛሬ በወረቀት ላይ ያለው። ዕድሜ ጠገብ አገልጋዮች የሚያስታውሱትን አንድ ወጣት ድምፅ መቅጃ ይዞ በየግድግዳው አብሯቸው ቢዞር፣ እያንዳንዱ ቃላቸው ሞዴሉ ላይ በትክክለኛው ቦታ ሊሰካ ይችላል። ከተማዋ አስጎብኚዎች አሏት፤ ስልክ አላቸው፣ ቋንቋ ያውቃሉ፣ እያንዳንዱን ማዕዘን ያውቃሉ። ከተወሰነ ነጥብ ላይ ቆሞ በየወሩ አንድ ዓይነት ፎቶ ማንሣትን ለማስተማር ሁለት ቀን ይበቃል፤ እኔም ሌሎች የሙያ ጓደኞቼም ያለ ክፍያ ለማስተማር ዝግጁ ነን፣ ለደብሩም ይህንኑ ብለናል። የመረጃው አንድ ቅጂ ደብሩ ዘንድ በቄሰ ገበዙ እጅ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሦስተኛው ደብሩ በፈቀደበት ቦታ ይቀመጥ።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ቢጀመር የዘንድሮው ክረምት የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፋል።